ዓይን በላው ያልኩት እጅ

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ውስጥ ልጅ ስትዳር የሙሽራዋን ፀጉር የምሠራው እኔ ነበርኩ። ከዲጋ ድረስ መጥተው ይወስዱኝ ነበር። ኩራቴ አይጣል ነው፤ ማበጠሪያዬን እንኳ ሰው አላስነካም።

አንድ ክረምት ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። አንጓዎቹ አብጠው ይሞቃሉ፤ ቀኙ ሲያብጥ ግራውም ይከተላል። ብርድ ነው ተብሎ ዋግምት ታገምኩ፤ አልለቀቀኝም።

ሙሽሮቹ ግን እኔ እስክድን አልጠበቁም፤ ወደ ወንድሜ ሚስት ሄዱ። ከሲሬ ተድራ መጥታ እዚያው ግቢያችን የምትኖር፣ «አዴ» እያለች እንደ ታላቅ እህት የምታከብረኝ፣ ቅቤ እያቀበለችኝ ሙያዬን በዓይኗ የቀሰመች ልጅ ናት። የመጀመሪያዋን ሙሽራ ሠርታ ስትጨርስ ሴቶቹ እልል ሲሉ ከቤቴ ሆኜ ሰማሁ። ምን አሳፈረኝ፣ ቀናሁ፤ እህል አልወርድ እስኪለኝ ቀናሁ።

ስለዚህ ዓይኗ ነው አልኩ። ጣቶቼን ስታይ ስታይ በላቻቸው ብዬ ለአንዷ ወንዝ ዳር፣ ለሌላዋ ገበያ ላይ ነገርኩ። ወሬው ዞሮ ወንድሜ ዘንድ ደረሰ። ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ እውነት ከሆነ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ ተባለና ለእሑድ ተቀጠረ። እሷ አልተሟገተችም። ብቻ ከዚያ ወዲህ የሆነ ነገር ስታቀብለኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ቅዳሜ ወንድሜ ሆስፒታል ወሰደኝና ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ። አንድ ሸምገል ያለ ድሬሰር እጄን አገላብጦ አየ። ደማችን ውስጥ ነጫጭ ዘበኞች አሉ አለኝ፤ በሽታ ሲገባ ሮጠው የሚይዙ።

«ያንቺዎቹ መገጣጠሚያሽ ውስጥ ገብተው የገዛ ሥጋሽን ጠላት ነው ብለው ይደበድቡታል። እብጠቱም ሙቀቱም የእነሱ ጠብ ነው።»

«ማን ላከብኝ?»

«ማንም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ከውጭ የመጣ የለም። ለምን እንደሚሳሳቱ ሐኪሞቹም ገና አልደረሱበትም።»

እውነቱን ልናገር፣ ከሕመሙ ይልቅ ይህ አናደደኝ። ጥፋቱ የእሷ እንዲሆን ምን ያህል ፈልጌ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ወንድሜ ምን አሉሽ ቢለኝ «ክኒን ሰጡኝ» ብቻ አልኩት። ዝም ብል እሑድ ትሄዳለች፤ ሙሽሮቹም ሌላ ሰው አያገኙም።

ማታ ክኒኑን የምውጥበትን ውኃ ፊቷን አዙራ ሰጠችኝ። ልብሷ በነጠላ ተቋጥሮ በሩ ሥር ተቀምጧል። ክኒኑን ሳልውጥ አስቀመጥኩት።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ፊት ተነሥቼ «ዓይኗ አይደለም። የገዛ ደሜ ነው። ያወራሁት ቀንቼ ነው» አልኩ። ወንድሜ ቀና ብሎ አላየኝም። ሽማግሌዎቹ እኔን ወቅሰው፣ እሷን መርቀው ተነሡ።

ሲወጡ እሷ መጥታ ፊቴ ተንበረከከች።

«አዴ፣ ጣቶቹን አሁን ልያቸው?» አለችኝ።

እጄን በሁለት እጇ ይዛ አንጓ ባንጓ እያየች አለቀሰች። እኔ የማየው ግን የእሷን ጣቶች ነበር፤ ቀጥ ያሉ፣ እንደ ልብ የሚታጠፉ። ያን ጊዜም ቀናሁ።