ጤናዬ የሸሸገችው ወር

ጤናዬ ከአምቢኮ እስከ ጭነቅ በበቅሎ፣ ከጭነቅ ወዲህ በጭነት መኪና መጥታ ደባርቅ ሆስፒታል ግቢ ካለው የእናቶች ማቆያ የገባችው በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነው። የመጀመሪያ ልጇ በቃሬዛ ስትወርድ መንገድ ላይ ሞቶ ነበር የተወለደው። ስለዚህ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ "ይኼኛውን ቀድመሽ ውረጂና እዚያው ጠብቂ" አለቻት። ባሏ ቄስ ወልደ ገብርኤል አድርሰዋት በማግስቱ ተመለሱ፤ ያልታጨደ ገብስ ነበረባቸው።

ማቆያው ስምንት አልጋ አለው። ሴቶቹ ከዳባትም ከአምባ ጊዮርጊስም ይመጣሉ፤ አማት ትከተላቸዋለች፣ እህት ትከተላቸዋለች፣ ወልደው በእልልታ ይወጣሉ። ጤናዬን የሚከተላት አልነበረም። አልጋዎቹ ሲለቀቁና ሲያዙ እያየች ወሩ አለቀ። ጠያቂ የመጣ እንደሆነ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛች ትመስላለች፤ ሰው ካላዋራት ከአፏ የሚያመልጣት ነገር የለማ።

የሚያመልጣት ነገር ነበረባት። ለሰው ሁሉ የተናገረችው ከፋሲካ በኋላ እንዳረገዘች፣ መውለጃዋም ጥር እንደሆነ ነው። ያረገዘችው ግን በዐቢይ ጾም፣ በደብረ ዘይት ሳምንት ነበር። ቄሱ እናታቸውን ቀብረው የተመለሱ ሰሞን ነው፤ ሐዘኑ አንድ መደብ ላይ አስተኛቸው። ሲነጋ አልተያዩም፤ ከዚያም ወዲህ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገሩም። አምቢኮ ላይ ደግሞ ልጅ ሲወለድ ሴቶቹ ወሩን በጣታቸው ወደ ኋላ ይቆጥራሉ፤ የቄስ ቤት ሲሆንማ ሁለት ጊዜ ይቆጥራሉ። የጥር ልጅ የፋሲካ ነው። የታኅሣሥ ልጅ ግን የጾም ነው። ስለዚህ ካርዷ ላይ የመጨረሻ የወር አበባዋን ሚያዝያ ዐሥር አስጻፈች። ሆዷንም በመዳፏ እየደባበሰች፣ "ትንሽ ቆይልኝ" ትለዋለች።

ከጎኗ ያለችው የድብ ባሕር ተወላጇ ፋንታዬ ስድስተኛ ልጇን ልትወልድ የመጣች አፈኛ ሴት ናት።

"የቄስ ሚስት፣ ይኼ ሆድ የጥር ነው ትያለሽ?"

"የጥር ነው።"

"እንግዲያው መንታ ነው፤ ወይም ጎተራ ውጠሻል።"

ሴቶቹ ሳቁ። ጤናዬም አብራ ሳቀች፤ ጋቢዋን ግን እስከ አገጯ ሳበችው።

ታኅሣሥ ዐሥራ ሁለት ጠዋት ጽንሱ ሳይራገጥ አረፈደ። ለአዋላጇ ነገረቻት፤ አዋላጇም አልትራሳውንድ ክፍል ወሰደቻት። ዶክተር ሊድያ የምትባል ወጣት ሐኪም ሆዷን ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ መሣሪያውን አንሸራተተች፤ አንዴ የመሣሪያውን ስክሪን፣ አንዴ ካርዱን አየች።

"የልብ ምቱ ደህና ነው። የእንሽርት ውሃው ግን ቀንሷል። ልጁም ለስምንት ወር ትልቅ ነው። ቀኑን እርግጠኛ ነሽ?"

"ነኝ።"

"በዚህ ጊዜ መሣሪያው ዕድሜውን በትክክል አይነግረኝም፤ በሳምንታት ይሳሳታል። አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ። ስምንት ወር ከሆነ ያልጠና ልጅ ነው፣ ጎንደር ልልክሽ ነው። ቀኑ ያለፈበት ከሆነ ግን ዛሬውኑ ምጡን በመድኃኒት እናስጀምረዋለን። ከዚህ በላይ ውስጥ መቆየት አይችልም።"

ጤናዬ ጣራውን አየች። ጥር ድረስ ከቆየላት የእሷና የቄሱ ስም ይተርፋል። ቃሬዛው ላይ ሳለች የመጀመሪያው ልጇ እንዲሁ ጸጥ እንዳለ ትዝ አላት።

"የመጨረሻ የወር አበባዬ የካቲት ሃያ ሁለት ነው" አለች። "ጾም ስለ ነበረ ነው ያልተናገርኩት። ባሌ ቄስ ናቸው።"

ዶክተሯ አልሳቀችም፤ አልመከረቻትምም። ሚያዝያን ሰርዛ የካቲትን ጻፈች፣ ሳምንቱን ቆጠረች። "አርባ ሁለት አልፎሻል። አሁን የማህፀንሽን አንገት ልለካው ነው፤ በውስጥ ነው የምናየው፣ ዘና በይ።"

"እሱ ምን ይናገራል?"

"ረጅም ከሆነ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ እንቢ ይላል፤ መጨረሻው ቀዶ ጥገና ይሆናል። አጭር ከሆነ ምጡ ይሳካል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።" ስክሪኑ ላይ ሁለት ነጥብ አደረገች። "ሃያ ሁለት ሚሊ ሜትር። አጭር ነው። እንዳንቺ ያሉት አብዛኞቹ በምጥ ይወልዳሉ።"

"የቀሩትስ?"

"የቀሩትን እኔ አለሁላቸው።"

መድኃኒቱ በግሉኮስ ጠብ ጠብ ሲል ዋለ። እጇን የሚይዝላት ስላልነበረ የአልጋውን ብረት ያዘች። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ቆዳዋ የተላላጠ፣ ሦስት ኪሎ ተኩል፣ ጩኸታም።

ፋንታዬ ልታይ መጣች። የሕፃኗን እጅ ገልጣ ጥፍሮቿን አገላበጠች። "ይቺ እኮ ገብስ ማጨድ ትችላለች" አለች። የሕፃኗን እጅ መልሳ ሸፈነችና ጤናዬን፣ "አይዞሽ፣ የኔ አፍ የሚያወራው የሌለውን ነው፤ ያለውን አያወራም" ብላት ወጣች።

መልእክት ደርሷቸው ቄስ ወልደ ገብርኤል የመጡት በአራተኛው ቀን ነው። ሕፃኗን አዩ፤ ከራስጌው ካርዱን አንሥተው አነበቡ። የተሰረዘውን ወር በጣታቸው ነኩት።

"ተናገርሽው?"

"ባልናገር ትሞት ነበር።"

ካርዱን ወደ ቦታው መለሱት። "እኔም በሰኔ ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። የሰጡኝን ቀኖና ፈጽሜያለሁ።"

ጤናዬ ቀና አለች። "በሰኔ?"

"በሰኔ።"

ስድስት ወር ሙሉ ብቻዋን የተሸከመችውን እርሳቸው አውርደውት ኖሯል። በአንድ ጣራ ሥር ሲያድሩ፣ እስከ ጭነቅ በቅሎዋን ሲስቡላት።

"ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?"

"አፍሬሽ ነው።"

ልትቆጣ ፈለገች፤ ጉልበት አልነበራትም። ሕፃኗን አንሥታ ክንዳቸው ላይ አኖረችላቸው።

"አምቢኮ ስንገባ ሴቶቹ ይቆጥራሉ" አለች። "እኔ አልመልስላቸውም። የሚመልሱት እርስዎ ነዎት።"

"እመልሳለሁ" አሉ ቄሱ፣ ቀስ ብለው።

ጤናዬ ይመልሱ እንደሆነ አላወቀችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታስመስል ተኛች።