የቶርኖ ባለሙያው ሰዓት

ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት የሚቀርጽ ሰው ሰዓት አያስርም፤ ቀለበትም አያጠልቅም። የሚሽከረከር ብረት ማሰሪያ ከያዘ እጅን ጎትቶ ነው የሚወስደው፤ ይቅርታ ብሎ ነገር አያውቅም። የኛ ሰው ይህን የተማረው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ከሥራ ውጭም ክንዱ ባዶ እንደሆነ ሸበተ። የጋብቻ ቀለበቱን እንኳ በሠርጉ ሰሞን አውልቆ ለሚስቱ ሰጣት፤ እሷም መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ምክንያቱ ገብቷታል፤ ቅሬታው ግን ከሆዷ አልወጣም።

ጡረታው ሲቃረብ አንድ ምኞት ያዘው። ፀጉሩን ከሚስተካከልበት ቤት ፊት ለፊት የውድ ሰዓቶች መደብር አለ። ጠጋ ብሎ እንዳያይ፣ ዘበኛው ግራሶ የነካው ቱታ ሲያይ ዐይኑን ያፈጥበታል። ስለዚህ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ከፊቱ ባለው መስታወት ውስጥ አንዷን ሰዓት ሲመለከት ይቆያል። ቁጥር የላትም፤ በቁጥር ፋንታ ቀጫጭን ሰረዞች ተደርድረውባታል፤ ቀፎዋ ወፈር ያለ ነው። ዋጋዋን ጠይቆ አያውቅም። መጠየቁ ራሱ ሳያስከፍል አይቀርም ብሎ የሚጠረጥር ሰው ነው።

"ጋሼ፣ አንገትዎን ቀና ያድርጉ እንጂ! ሊስተካከሉ ነው የመጡት ወይስ ሰዓቷን ሊያጩ?" ይለዋል ፀጉር አስተካካዩ።

"አንተ መቀስህን ያዝ። እሠራታለሁ።"

አፉን ሞልቶ ነው እንዲህ ያለው። ጡረታ በሚወጣበት ቀን ክንዱ ላይ አስሯት ከወርክሾፑ በር ሊወጣ ቆርጧል። ከውዳቂው ብረት መካከል የአሮጌ ውኃ ፓምፕ ዘንግ አገኘ፤ የማይዝግ፣ ግን ከሁለት ቀፎ የማያልፍ ቁራጭ። አለቃው ፈቀደለት። ሌላው ምሳውን ሲበላ እሱ ቀፎ ይቀርጻል። የውስጡን ማሽን መስታወቷና የቁጥር ገጿ ከጠፋ ርካሽ ሰዓት አወጣ፤ ሰረዞቹን በመርፌ ጫፍ ጫረ፤ ቀፎዋን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ፈትጎ ፊት እስክታሳይ አደረሳት። የሥራ ባልደረቦቹ የዋናዋን ስም ጻፍባት ሲሉት፣ "የሰው ስም አልሰርቅም" አለ።

በመጨረሻው የሥራ ቀኑ ዋዜማ፣ ከሥራ እንደተመለሰ ሰዓቷን እንድታይለት ለሚስቱ ሰጣት። ሚስቱ የትምህርት ቤት ደወል ደዋይ ናት፤ ሰዓት ከክንዷ ተለይቶ አያውቅም። አገላብጣ አየቻት። ሳቋ አመለጣት።

"መሙያዋን ምነው በግራ በኩል አደረግከው?"

"እንዲህ ናት እኮ።"

"አንተ ሰው፣ የሁሉም በስተቀኝ ነው! ይኸው፣ የኔን እይ።"

አየና ክው አለ። መስታወት ቀኙን ግራ እንደሚያደርግ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ግን ዕድሜ ልኩን ሰዓት ያላሰረ ሰው መሙያው በየት በኩል እንደሆነ ከየት ይወቀው? ሰረዝ እንደሆነ ከግራም ከቀኝም ያው ሰረዝ ነው።

"የቀረችው ብረት ለአንድ ቀፎ ትበቃለች" አለ። "ነገ ቀና ሳልል ከሠራሁ እደርስ ይሆናል። ከነገ ወዲያ ቶርኖው የሌላ ሰው ነው።"

"ምን አደከመህ? በቀኝህ እሰራት፤ መሙያዋ ያኔ ወደ ጣቶችህ ይዞራል። ግራህን ለኔ ተውልኝ።"

ከመሳቢያዋ ቀለበቱን አወጣች። ወደ ጣቱ ስትሰድደው አንጓው ላይ ቆመ። በሳሙና ሞከሩ፤ እምቢ አለ። ብረት ሲጨብጥ የኖረ ጣት የጎረምሳውን ቀለበት ከየት ያሳልፈው! እሷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቆይታ ፊቷን አዞረች።

"ይሁን፣ ተወው። ከዚህ በኋላ ምን ያደርጋል" ብላ ወደ መሳቢያው መለሰችው። ይህ ቃሏ ከሰዓቷ ስህተት ይልቅ አንገበገበው።

ጠዋት ሳታየው ቀለበቱን ኪሱ ከቶ ወጣ። የቀረችውን ብረት ቶርኖው ላይ ሲያስር አለቃው መጣ።

"አዲሱን ቀፎ ጀመርከው?"

ቶርኖውን አስነሳ። ብረቷን ጫፏ ቀጭን፣ ወደ ሥሯ እየወፈረች የምትሄድ ዘንግ አድርጎ ቀረጻት። የጣቱን አንጓ በካሊፐር ለካ። ቀለበቱን ሞቅ እያደረገ በዘንጓ ላይ አጠለቀው፤ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ እየመታ እንዲሰፋ ወደ ወፍራሙ በኩል ነዳው። ደጋግሞ እያወለቀ አየው፤ እንዳይሰነጠቅ ትንፋሹን ይዞ።

"ቀፎውስ?" አለ አለቃው፣ ቀኑ ሲመሽ።

"ብረቱ አለቀ።"

ቶርኖውን አጠፋ፤ እንደ ወትሮው ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ሰዓቷን በቀኝ ክንዱ አስሮ ወጣ። ቀለበቱን ግን አላጠለቀውም። ቤት ሲደርስ መዳፏ ላይ አኖረላትና ግራ እጁን ዘረጋ።

"እንደ መጀመሪያው አንቺው አጥልቂው።"

ቀለበቱ አንጓውን አልፎ ቁጭ አለ። እሷ እጁን አልለቀቀችም።

"ደግሞ ነገ አውልቀህ ልትሰጠኝ ነው?"

"ለምን ብዬ?" አለ፤ ቀኑን ሙሉ የያዘው እንባ ያኔ መጣ። "ቶርኖ የለኝም እኮ።"