አሜን ያጣው ምርቃት

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ሁዳዴ ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን ላይ ሽማግሌ ሲመርቅ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ሲለኝም እስቃለሁ። ሳቄ የደግ ሰው ሳቅ አይደለም። ከወዲሁ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ወረድ ብሎ ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ። ፉልና ፍርፍር እሠራለሁ። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ሰቅያለሁ፤ ያለ እሱ ደንበኛ አይቀመጥልኝም። ከጀርባ ባለው ቤት ከአባቴ ከአቶ ወልዴ ጋር እኖራለሁ። አባቴ በወጣትነቱ ከቦንጋ መጥቶ፣ አጠና ተራ አጠና እየሸጠ ነው ያሳደገን። አንድ ቀን የተከመረ አጠና ተንዶ ዳሌውን መታውና ከዚያ ወዲህ ቀኝ እግሩን ይጎትታል፤ እግሩን ሲስብ ትከሻው አብሮ ብድግ ይላል። ሰው ሰላም ሲል ቡኒ ባርኔጣውን በሁለት ጣቱ ከፍ ያደርጋል። ነገር ሲበዛበት «ይሁን፣ ይሁን እንግዲህ» ይላል፣ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ።

አርቲስቱ ያደገው ከአጥራችን ማዶ ነው። ዛሬ አገር የሚያውቀውን ስሙን አልጠራም፤ እኛ ሰፈር ጢኖ ነበር የምንለው፣ እኔም ጢኖ እለዋለሁ። የታናሽ ወንድሜ ጓደኛ ስለነበር እኛ ቤት ያልበላበት ቀን ጥቂት ነው። የሰፈሩን ሰው አካሄድና አነጋገር እያስመሰለ ያንከተክተን ነበር። አባቴ ከሁላችንም በላይ ይስቅለትና «ይሄ ልጅ ቴሌቪዥን ላይ ይወጣል፣ ቆዩ ብቻ» ይል ነበር።

እንዳለውም ወጣ። በመጀመሪያ ወጣት ማዕከል ቲያትር ሠራ፤ ቀጥሎ የሳሙና ማስታወቂያ፣ ከዚያ በተከታታይ ድራማ ላይ አሳላፊ ሆኖ ሁለት ቃል ተናገረ። ያቺን ሁለት ቃል ለማየት ሰፈሩ በሙሉ እኔ ቤት ተሰብስቦ ነበር፤ ሻዩን ሁሉ በነፃ ነው ያጠጣሁት። ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራሱን ኮሜዲ ጀመረ። የመጀመሪያው ክፍል በሚተላለፍበት ቀን ቤቴ ሞልቶ ነበር፤ አባቴም ጥግ ላይ ሻዩን ይዞ ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ወጣ። ቀኝ እግሩን ይጎትታል፣ ትከሻው ብድግ ይላል፣ ቡኒ ባርኔጣውን በሁለት ጣት ያነሳል። ስሙ ጋሽ ቆጥቤ ነው። ስግብግብ፣ ፈሪ፣ በስተርጅና ሴት የሚያሳድድ ቀላል ሰው። ሲያዝ «ይሁን፣ ይሁን እንግዲህ» ይላል።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ አንድ ደንበኛ ዞር ብሎ አባቴን አየውና ዝም አለ። ቀስ በቀስ ሁሉም ዞረ። አባቴም ሳቀላቸው። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ እንግዳ እንዳያፍር የሚሳቅ ሳቅ ነው።

በወሩ የታክሲ ረዳቱ «ጋሽ ቆጥቤ፣ ግቡ!» ይለው ጀመር። ልጆች ከኋላው እግራቸውን እየጎተቱ ይከተሉታል። ይህን ሁሉ ቻለ። ያልቻለው የእትዬ ብርቄን ቤት ለቅሶ ነው።

እትዬ ብርቄ ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው ሞተው ድንኳን ተጥሏል። አባቴ ገባ፣ እንደ ልማዱ ባርኔጣውን አነሳ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» አለ። አንዷ ልጅ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አጠገቧ ያለችው ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አግዳሚው በሙሉ፤ ሬሳ የወጣበት ቤት ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። እትዬ ብርቄ እያለቀሱ ቀና ብለው ሲያዩ ፊታቸው እንዴት እንደሆነ አልረሳም። አባቴ ትንሽ ተቀመጠና ወጣ። ቤት ሲገባ ባርኔጣውን ሚስማር ላይ ሰቀለ፣ ከዘራውን በር ጀርባ አቆመ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከግቢያችን አልወጣም። ለቅሶ አይሄድም። ወር በገባ በሃያ ሰባት ቀራንዮ መድኃኔዓለምን ሳይሳለም ውሎ የማያውቅ ሰው፣ ደጅ ላይ ቆሞ ወደዚያ አቅጣጫ ይሰግዳል። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረ።

ለጢኖ ደውዬለት ነበር።

«አስቱዬ፣ ፍቅር እኮ ነው!» አለኝ። «ደግሞ ካራክተር ነው፤ ከአንድ ሰው የተወሰደ አይደለም።»

«ትከሻው የማን ነው? ባርኔጣውስ?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ» አለና ዘጋው።

በዚያው ሰሞን በጋሽ ቆጥቤ ተሸለመ። ጋዜጠኛዋ ገጸ ባሕሪውን ከየት እንዳገኘው ስትጠይቀው ደረቱን ነካ አድርጎ «ሙሉ በሙሉ ከራሴ ነው የፈጠርኩት» አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ የተወጋሁት ያን ቀን ነው። ከዚያማ የበዓል ፕሮግራም አቅራቢ ሆነ፤ በየበዓሉ ነጭ በነጭ ለብሶ ስለ ወግና ባህል ይሰብከናል።

ካቻምና ታዲያ ከቴሌቪዥን ጣቢያው የተላከች፣ ማስታወሻ ደብተር የያዘች ልጅ ቁርስ ቤቴ መጣች። ለፋሲካ ጢኖ ወዳደገበት ሰፈር መጥቶ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ አንድ አባት ሲመርቁት ይቀረጻል።

«አቶ ወልዴ እንዲመርቁት እሱ ራሱ ነው የመረጣቸው» አለችኝ፣ እንደ ምሥራች።

እጄ ላይ የነበረውን ጭልፋ አስቀመጥኩት። ባላስቀምጠው ምን እንደማደርግ አላውቅም።

አባቴ ግን «ይምጣ» አለ።

«ከመጣማ እርገመው!» አልኩት። «አገር እየሰማ እርገምልኝ!»

«ከእኔ አፍ እርግማን ወጥቶ አያውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬ አልጀምርም። ደጄ የመጣን ልጅ እመርቃለሁ።»

ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ። እምቢ አለ። ተስፋ ቆርጬ እትዬ ብርቄ ዘንድ ሄድኩ። ጾም ነበርና ምስር ይለቅማሉ። የሆነውን ስነግራቸው እጃቸው ሳይቆም አዳመጡኝ።

«አባትሽ ይመርቅ» አሉ። «ምርቃቱ የእሱ ነው። አሜኑ ግን የማን ነው?»

«የማን ነው?» አልኳቸው።

«የኛ ነዋ!» አሉ። «ከእኔ ግቢ የሚወጣ አሜን የለም።»

ቤት ለቤት ዞርን። ማንም አላስቸገረንም፤ ለካ ሰዉም በሳቁ አፍሮ ኖሯል። ያስፈራን ሌላ ነገር ነው፤ አሜን ሳያስቡት ከአፍ ያመልጣል። መላውን ያገኙት እትዬ ብርቄ ናቸው። «ሴቱ የነጠላውን ጫፍ ይንከስ፤ ወንዱ ምላሱን።»

ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ካሜራዎቹ ግቢያችን ገቡ። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ተሰበሰብን። አባቴ መሐል ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን ከሚስማሩ አውርደው ያደረጉለት ቀራጮቹ ናቸው። ጢኖ መጣ፣ ጉልበቱን ስሞ አቀፈው። አባቴም ጭንቅላቱን ዳበሰው። እውነት ለመናገር እዚህ ላይ ልቤ ሊራራ ነበር።

ራሱ አዳነኝ። ወደ ካሜራው ዞረና ጥርሱን ገልጦ «ተመልካቾቻችን፣ እኚህ ጎረቤቴ የነበሩ አባት ጋሽ ቆጥቤን አይመስሏችሁም? የሚገርም አጋጣሚ!» አለ።

አጋጣሚ!

አባቴ አቀረቀረ። ከዚያ ሁለት እጁን ዘረጋና ጀመረ።

«ዕድሜና ጤና ይስጥህ።»

ጸጥ።

«ከክፉ ይሰውርህ።»

ጸጥ። ከማዞሪያው የታክሲ ጥሪ ይሰማል።

«ወልደህ ለመሳም ያብቃህ።»

ጢኖ ሳይታወቀው «አሜን» አለ። ብቻውን። ድምፁ ባዶ ግቢ ውስጥ እንደወደቀ ቆርቆሮ ሆነ። ከፊት የቆሙት አንድ አዛውንት ከንፈራቸው ሊከፈት ሲል እትዬ ብርቄ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

ዳይሬክተሩ አስቆመው። «ምን ሆናችሁ? አሜን በሉ እንጂ! ከመጀመሪያው እንሂድ።»

ከመጀመሪያው ሄድን። አባቴ እንደገና መረቀ፣ እኛ እንደገና ነጠላችንን ነከስን። የጢኖን ፊት ነበር የማየው። በመጀመሪያ ተገረመ፣ ቀጥሎ ፈገግታው ደረቀ፣ ከዚያ ዓይኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሮጥ ጀመር። ያጎረሱትን፣ ያዘሉትን ሴቶች ፊት አንድ በአንድ አየ፤ አንዳቸውም ዓይናቸውን አልሰበሩም። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ፊት ይሄ ነው። ቸኩዬ አላየሁትም፤ እስኪበቃኝ አየሁት።

አባቴም ገባው። ዞር እያለ ሁላችንንም ተመለከተ። ተነሳ፣ ባርኔጣውን አስተካከለ።

«ይሁን፣ ይሁን እንግዲህ» አለ።

አንድም ሰው አልሳቀም። ካሜራ የያዙት እንኳ አልሳቁም። እግሩን እየጎተተ ወደ ቤት ገባ።

ጢኖ ክንዴን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። «አስቱዬ፣ በእናትሽ! አንድ አሜን ብቻ አስብያቸው።»

«አስብላለሁ» አልኩት። «መጀመሪያ ካሜራው ፊት ቁምና ጋሽ ቆጥቤን ከማን እንደወሰድከው ተናገር። ስሙን ጥራ፣ ይቅርታ በል። ሰፈሩ በሙሉ አሜን ይልሃል።»

«ከራሴ ነው ብዬ ተሸልሜበት! አሁን በምን ፊቴ እመለሳለሁ?»

«በእግርህ» አልኩት።

ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። እኔም ደስ ብሎኝ ቤት ስገባ አባቴ ፊቱን አዞረብኝ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለኝ። «ደግሞ አሜን የነሳሽው ምርቃት የእኔ ነው። ሜዳ ላይ አስቀረሽብኝ።» ሁለት ቀን አላናገረኝም። ይህ አመመኝ። እውነት ስለነበረም ጭምር ነው ያመመኝ።

የፋሲካ ዕለት ቁርስ ቤቴ እንደ ድሮው ሞላ። እትዬ ብርቄ አባቴን እጁን ይዘው አመጡት። ፕሮግራሙ ተጀመረ፣ ግቢያችን ታየ። አባቴ ቴሌቪዥኑ ላይ «ዕድሜና ጤና ይስጥህ» ሲል አንድ ግዙፍ «አሜን!» ተሰማ። እኛ ነጠላችንን እንደነከስን ቆመናል፤ አንድም ከንፈር አይነቃነቅም፣ አሜኑ ግን ይጎርፋል። ከሌላ ቦታ አምጥተው ለጥፈውበታል።

 አባቴ ሻዩን አስቀመጠና ጠየቀ፦

«ይሄ አሜን የየትኛው ሰፈር ነው?»

ቤቴ ያን ቀን እንደሳቀው ስቆ አያውቅም፤ በጢኖ ነበር የሳቅነው። አባቴም እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

በማግሥቱ አንድ ዘመዳችንን ልንቀብር ነው ብለው ጎረቤቶች ሲያልፉ አባቴ ባርኔጣውን አደረገ፣ ከዘራውን አነሳ። ልከተለው ስል «ልጅ አደረግሽኝ እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወጣቶቹ ብድግ ብለው ወንበር እንደለቀቁለት እትዬ ብርቄ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ በሃያ ሰባትም አልቀረም።

ጢኖ ባለፈው ክረምት መጣ። ያለ ካሜራ፣ ብቻውን፣ በዝናብ በስብሶ። ጋሽ ቆጥቤ ከፕሮግራሙ እንደወጣ ሰምቻለሁ፤ ለምን እንደወጣ አልጠየቅኩም። ቁርስ ቤቴ በር ላይ ቆመና አንገቱን ደፍቶ «ጋሽ ወልዴ ቤት አሉ?» አለኝ።

የንስሐ አባቴ ይቅር በይ ይሉኛል፤ እሺ እላቸዋለሁ፤ ሲመጣልኝ እነግራቸዋለሁ። ያን ቀን አልመጣልኝም። ተቀመጥ አላልኩትም፣ ሻይ ልቅዳልህ አላልኩትም። ባዶ ወንበር ግን ሞልቶ ነበር። መዋሸትም አላስፈለገኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዳልናገረው የከለከለኝን ቃል፣ እያጣጣምኩ፣ ዓይኑን እያየሁ ነገርኩት።

«አባዬ የለም። ወጥቷል።»