የዙልሚራ የአበባ ምንጣፍ

ጎረቤቴ ዙልሚራ ዕድሜዋን ሙሉ ወደቡ ላይ ዓሣ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። በፖርቱጋሏ ከተማችን በቅዱስ ቁርባን በዓል ሁሉም በደጁ አበባ ያነጥፋል፤ ቄሱ ቅዱስ ቁርባኑን ይዘው በሰልፍ ከማለፋቸው በፊት ማንም አይረግጠውም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ስታነጥፍ የዘንድሮው የመጀመሪያዋ ነው። እሱ በየዓመቱ ይሠራው የነበረውን መልህቅ በቀይና በነጭ አበባ ሠራች።

ረፋዱ ላይ ከባሕሩ ነፋስ ተነሣ። ውሃ ብትረጭበትም የመልህቁ ጫፍ መበተን ጀመረ።

«አንቺ፣ ቄሱ ሳይደርሱ ምንጣፍሽ ስፔን ይገባል!» አለቻት ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤቷ አርሚንዳ ከላይ በመስኮት።

«አፍሽን ዝጊና ባልዲ ይዘሽ ውረጂ!»

አርሚንዳ ወረደች። የሰልፉ የሙዚቃ ጓድ ድምፅ እስኪቀርብ ድረስ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ረጩ። ቄሱ መልህቁን ረግጠው ሲያልፉ፣ ዙልሚራ ግድግዳውን ተደግፋ እፎይ አለች።