ሳይሟሟ የወጣው ኪኒን

ጨጓራዬን ቆርጠው ሲጥሉት፣ ከዚያ ወዲያ ደም የሚሆነኝን ብረት በአፌ ብውጠው እንደ ሰው እንደማይሰርግልኝ አልነገሩኝም። ደሜ ማለቅ ሲጀምር የማይሰርገውን ኪኒን ለዓመታት ሰጡኝ። ኪኒኑ አልሠራ ሲል ደግሞ "አትውጠውም" አሉኝ። የተበደልኩት ይኼን ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ቃል አሳምሬ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። የሆስፒታሉንም የጤና ጣቢያውንም ስም አልጽፍም። ስማቸውን ብጠራው ጨጓራዬ አይመለስልኝም።

አገሬ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ያለ ደጋ ነው። የጨጓራ ቁስለት ከወጣትነቴ ጀምሮ ሲያሰቃየኝ ኖሮ፣ በመጨረሻ የበላሁት አልወርድ አለ። የማታውን እህል ጠዋት እንዳለ አስመልሰዋለሁ። የሰፈር ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ከተማ አወጣኝ፤ ከዚያ በመኪና ሩቅ ሆስፒታል ወሰዱኝና ቀደዱኝ። ስነቃ ከደረቴ ሥር እስከ እምብርቴ እንደ ጆንያ ተሰፍቻለሁ። የቀደደኝ ሐኪም ከአልጋዬ ግርጌ ቆሞ ለተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር አወራላቸው። እነሱም እየተንጠራሩ ሆዴን አዩ። ወደ እኔ ሲዞር በአማርኛ የነገረኝ ይኼን ብቻ ነው፤ "ትንሽ ትንሽ እየበላህ ኑር። ድነሃል።" ያ ሁሉ እንግሊዝኛ የእኔ ሆድ ወሬ ነበር፤ ለእኔ የደረሰኝ ግን ይህችው ናት።

በኋላ ዘመን በሬዲዮ ሰማሁ፤ በውጭ አገር ወፍራም ሰዎች እንዲከሱ ብለው ጨጓራቸውን ያስቆርጣሉ አሉ። ከዚያ የትኛውን ብረት እንደሚወስዱ፣ በምን እንደሚወስዱት ይመከራሉ፤ ደማቸውም በየጊዜው ይታያል። ሬዲዮውን ዘጋሁት። እኔ ድሮውንም የከሳሁ ሰው ነኝ፤ ምክሩ ለወፍራም ብቻ ነው እንዴ የተሠራው?

በመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበርኩ። በላሁ፣ አረስኩ። ከዚያ ጉልበቴ እየከዳኝ መጣ። ጥቂት ፈር ሳልሄድ እርፉን ተደግፌ እቆማለሁ፤ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይደልቃል፤ በሬዎቹ ዘወር ብለው ያዩኛል። ከንፈሬ ነጣ። ጥፍሬ መሐሉ ጎድጉዶ ማንኪያ መሰለ። ይኼን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የአፈሩን አምሮት ነው። ዝናብ ጥሎ ሲያባራ የግድግዳው ጭቃ ሽታ ምራቄን ያዥጎደጉደዋል። አንድ ቀን ከጎተራው ጀርባ ቆሜ የልስኑን ፍርፋሪ ስቆረጥም ሚስቴ ደረሰችብኝ።

"ምን ልትሆን ነው አንተ?"

"አፈር እየበላሁ ነው፤ ዓይን የለሽም?"

"ያረቢ! እኔ እንኳ ይኼ ያማረኝ የመጀመሪያዋን ሳረግዝ ነው።"

እሷ ለእህቷ ነገረች፤ እህቷ ምንጭ ወርዳ አወራችው። በእኛ አገር አፈር የሚያምራት እርጉዝ ናት፤ አፈር ያማረው ወንድ ከዚያ በፊት አልታየም። በወንፈሉ ሥራ ስንሰበሰብ ጎረቤቶቼ ያዙኝ።

"አያ፣ ከባድ እንዳያነሱ! ጽንሱን ይጎዱታል።"

"ተዉአቸው፣ ዘንድሮ መንታ ነው የያዙት።"

መጀመሪያ አብሬያቸው ሳቅሁ። ወንፈል ግን ሳቅ አይደለም። ዛሬ እኔ ላንተ ካረስኩ ነገ አንተ ለእኔ ታርሳለህ፤ ጉልበቱ የጎደለ ሰው ብድሩን አይመልስም። የእኔ ተራ ሲደርስ ዘለሉኝ። አልተጣሉኝም፤ ዝም ብለው ዘለሉኝ። መሬቴን የሚስቴ ታናሽ ወንድም በእኩል ያዘው፤ ግማሹ እህል ለእሱ፣ ግማሹ ለእኔ። ሰነፍም ሌባም አይደለም፤ ይኼን አልክድም። እኔ ግን ከአጥር ሥር ጋቢ ተከናንቤ ተቀምጬ፣ በሬዎቼን እሱ በስማቸው እየጠራ ሲነዳቸው እሰማለሁ። ልጆቼም "ነገ ወዴት እንሰማራ?" ብለው የሚጠይቁት እሱን ሆነ። እኔ እዚያው ተቀምጬ! የፈራሁት ሞትን አልነበረም። በገዛ ደጄ እንግዳ ሆኜ ማርጀትን ነው።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የጤና ረዳቱ ልጄ የሚሆን ጎረምሳ ነው። ከተቀመጠበት ሳይነሳ የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየና "ደም ማነስ ነው" አለ።

"ሆዴን ተቀድጃለሁ፤ ጨጓራዬን ቆርጠውታል" አልኩት።

"እሱማ ድኗል። ይኼ ሌላ ነው። ይኼን ኪኒን ትውጣለህ።"

እኔን ነው "ትውጣለህ" የሚለው። በእኛ አገር ታላቅን "አንቱ" ለማለት ደብተር መያዝ አያስፈልግም፤ እሱን ግን ትምህርቱ ይኼን አስረስቶታል። ሸሚዝህን ግለጥ፣ የተቆረጠው የት ነው አላለኝም።

የብረት ኪኒኑ የሚታደለው በነፍሰ ጡሮች ክፍል ነበር። ከሴቶቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሆዷ የገፋ አንዲት አንደበተ ስል ሴት አጠገቤ ነበረች።

"አያ፣ ስንተኛ ወርዎ ነው?"

"ያንቺ ባል በወለደ ማግስት እወልዳለሁ።"

"ወላሂ እሱስ ቢወልድልኝ በወደድኩ! እኔ ደክሞኛል።"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ኪኒኑን ይዤ ወጣሁ። ቀይ ነው፤ ላዩ እንደ ከረሜላ ያብረቀርቃል።

በእኛ ዘንድ ሆዱን የታመመ ሰው ኪኒን በውሃ አያወርድም። ኪኒን አንጀት ያቃጥላል ስለሚባል ወተት ይቀድመዋል፣ ወተት ይከተለዋል። ሚስቴ ከልጆቿ አፍ ነጥቃ ወተቱን ለእኔ አደረገችው። በወተት እውጣለሁ፤ አፌን ለማስተካከል ሻይ አስከትላለሁ። ሐቋን ልናገር፤ እንደ ሕፃን ነው ያስታመመችኝ። ይኼ ትክክል አይደለም ያላት ሰው የለም።

እየዋጥኩ ገረጣሁ። ባለቀብኝ ቁጥር ወደ ጤና ጣቢያው እመለሳለሁ፤ ያው ዓይኔን ይገለብጣል፤ ያው ያንኑ ይሰጠኛል። ዓመቱ ሄደ፣ ሌላው መጣ። በመጨረሻ ያ የጤና ረዳት ተቆጣኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ትጥለዋለህ መሰለኝ። በትክክል የሚውጥ ሰው እንዲህ አይገረጣም።"

"ቁርአን ይዤ ልማልልህ?"

"መሐላ አልፈልግም። ወይ ለሚስትህ ትሰጣለህ፣ ወይ ትጥለዋለህ። የመንግሥት መድኃኒት መጫወቻ አይደለም።"

መንገዱን ሁሉ ብቻዬን እየተሳደብኩ ገባሁ። ውሸታም መባል ገርጥቷል ከመባል ይብሳል።

ያኔ ሽንት ቤት አልነበረንም። አንድ ማለዳ ከቤታችን በታች ካለው ገደል አፋፍ ወጣሁ። ጨርሼ ስነሳ ዓይኔ ቀይ ነገር ላይ ወደቀ። በጭራሮ ቀረብ ሳደርገው ኪኒኑ ነው፤ እንዳለ። ሽፋኑ ትንሽ ደብዝዟል እንጂ አልተሰነጠቀም። ማታ የዋጥኩት፣ ምናልባትም ከትናንት ወዲያ የዋጥኩት፣ ዱላ እንደያዘ መንገደኛ ሆዴን አቋርጦ ወጥቷል። እዚያው ቆሜ በሳቅና በንዴት መሐል አለቀስኩ። ከዚያ አነሳሁት። አጠብኩት። በግራዋ ቅጠል ጠቀለልኩትና በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ነጎድኩ።

ወረፋ አልጠበቅሁም። ቅጠሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

"አትውጠውም ብለኸኝ አልነበር? ይኸው፣ ውጬው ወጥቷል።"

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ያንተው ኪኒን ነዋ። አጥቤዋለሁ፤ አትፍራ።"

ወንበሩን ገልብጦ ወደ ኋላ ዘለለ። "ውጣልኝ! እብድ ነህ እንዴ! ዘበኛ!"

ከበሩ ላይ ሴቶች ተንጠላጠሉ። አንዲት አሮጊት "ልጄ፣ ጩኸቱን ተወውና እየው እንጂ! ሳይሟሟ የወጣ ነገር ለሰውዬው ምን ያደርግለታል?" አሉት። አላየውም። እግሩ ሥር ያለውን እባብ እንኳ እንደዚያ አይሸሽም። ዘበኛው ክንዴን ይዞ "አብሽር አያ፣ ይውጡ፣ ለእኔ ሲሉ ይውጡ" እያለ አወጣኝ። ቅጠሉን ትቼለት ሄድኩ።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የሚስቴ ወንድም ደግፎ በአቀስታ በኩል ደሴ አደረሰኝ። አንድ ክሊኒክ ገባን። ሐኪሟ ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። ከመጠየቃቸው በፊት "ይተኙ፣ ሸሚዝዎን ይግለጡ" አሉኝ። ጠባሳውን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ሄዱበት።

"የቱን ቆርጠው የቱን ቀጠሉት?"

"እኔ ምን አውቄ። ተኝቼ ነበር።"

ሳቁ። ደሜን አስመረመሩ። ውጤቱ ሲመጣ ሳቃቸው ጠፋ። "ይኼን ደም ይዘው እንዴት ነው በእግርዎ የቆሙት?" አሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ብረት በደንብ የሚሰርገው ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው በመጀመሪያው አንጀት ነው። የእኔን እሱን ዘለው ሳይቀጥሉት አልቀሩም። የጨጓራ አሲድም ብረቱን ያግዘው ነበር፤ እሱም ከጨጓራው ጋር ሄዷል። ሽፋን ያለው ኪኒን ሽፋኑን እስኪያወልቅ የሚሰርግበትን ቦታ አልፎ ይሄዳል።

"በምን ነበር የሚውጡት?"

"በወተት።"

"ከዚያስ?"

"ሻይ።"

ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ሁለቱም ብረቱን ይይዙታል። የቀረችውንም እንዳትሰርግ አድርገዋታል።"

ያለችኝ ደም ሁሉ ፊቴ ላይ ወጣች። "ታዲያ ማን ነገረኝ? ሚስቴ ከልጆቿ ነጥቃ ነው ያጠጣችኝ! ማን ነገራት?"

"ማንም አልነገራችሁም። መንገር የእኛ የሐኪሞች ሥራ ነበር።"

"ግን" የምትል ነገር እስኪጨምሩ ጠበቅሁ። አልጨመሩም።

ከዚያ ምርጫውን አቀረቡልኝ። ሽፋን ያለው ከእንግዲህ ቀርቷል። ሽፋን የሌለው ኪኒን ወይም ሽሮፕ በባዶ ሆድ፣ በሎሚ ውሃ፣ ከወተትና ከሻይ አርቆ መውሰድ ይቻላል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ይሠራል፤ መሥራቱ የሚታወቀው ግን ከሳምንታት በኋላ ደም ታይቶ ነው። ሌላው መርፌ ነው። መርፌው ሆድን አይጠይቅም። ግን ያማል፤ ሰውነት ሊቆጣበት ስለሚችል እሳቸው ዓይን ሥር ነው የሚወሰደው፤ ተደጋግሞ ስለሚሰጥም ደሴ መክረም አለብኝ።

የሚስቴ ወንድም ጆሮዬ ሥር ተጠጋ። "አያ፣ ሽሮፑን ይዘን እንግባ። እርሻው ደርሷል፤ ከቤትዎ ሆነው ይጠጡታል።"

የመጣሁት በገዛ እጄ ላርስ ነው፤ አሁን ቶሎ ቤቴ የሚያስገባኝ ሽሮፑ ነው። ለመርፌው ብቀር መሬቱ ለሌላ ክረምት በእሱ እጅ ነው። ሐኪሟን ጠየቅኋቸው።

"ሽሮፑ ካልሠራስ?"

"ተመልሰው ይመጣሉ።"

"በክረምት? መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ? ደሴ እስክደርስ እሞታለሁ። ከእንግዲህ በአፌ የሚገባ ነገር አላምንም። ዛሬ ይውጉኝ።"

"በንዴት እንዳይመርጡ።"

"ንዴቴ አይበርድም፤ እሱ እስኪበርድ ብጠብቅ መች እመርጣለሁ።"

ፈገግ አሉ። "እኔም ብሆን መርፌውን ነበር የምመርጥልዎት" አሉ።

ወደ ሚስቴ ወንድም ዞርኩ። "ዘንድሮን እረስ። የመጨረሻህ ነው።" ዓይኑን ሰበረ። ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት ዛሬም አላውቅም።

መርፌው እንደተባለው ነው፤ ቂጤን እሳት ነካው፤ የተወጋሁበት ቆዳ ዝገት መስሎ ቀረ። ደም ለሚያበጅ ቫይታሚንም ሌላ መርፌ ጨመሩልኝ፤ እሱም ያለ ጨጓራ አይሰርግም አሉ። ከሁሉ አስቀድሞ የተወኝ የአፈሩ አምሮት ነው። አንድ ቀን ደሴ ላይ ዝናብ ጣለ፤ ጭቃ ሸተተኝ፤ ጭቃ ብቻ። ስሸኝ ሐኪሟ ነገሩ በዚህ እንዳላለቀ፣ ብረቱ ቀስ እያለ እንደሚጎድል፣ በየዓመቱ ደሜን እንዳሳይ አስጠነቀቁኝ። አሳያለሁ፤ ሲጎድልም እወጋለሁ።

እንደተመለስኩ ጤና ጣቢያው ጎራ አልኩ። ልጁ ቀና ብሎም አላየኝም።

"ድኛለሁ" አልኩት። "ሆዱን የተቀደደ ሌላ ሰው ከመጣ ሸሚዙን ግለጥ።"

"ሥራዬን አታስተምረኝ።"

ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ይቅርታ ብሎኝ አልሄደም። እዚያም ለስንቱ ያንን ቀይ ኪኒን እንዳደለ ሳስበው አሁንም ጥርሴን እነክሳለሁ።

በቀጣዩ ክረምት መግቢያ የሚስቴ ወንድም በማለዳ ጅራፉን ይዞ መጣ። በሬዎቹን ጠምጄ ማሳው ውስጥ አገኘኝ።

"አያ፣ ልቀበልዎ?"

"ተወው።"

"ቢደክምዎትስ?"

"ቢደክመኝ እቀመጣለሁ፤ ስነሳ እቀጥላለሁ።"

ከዳር ቆሞ ትንሽ አየኝ። ከዚያ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ራሱ ማሳ ወረደ። ቁጭ አልኩ፣ ተነሳሁ፣ ደግሞ ቁጭ አልኩ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መሬቴን ከዳር እስከ ዳር እኔው አረስኩት። የእኩሉ ውል የፈረሰው በዚያ ቀን ነው፤ ሰኔ 12 ቀን 1996 ዓ.ም።