ገንዘብ የማይዘው ስልክ

እህቴን እቴቴ ነው የምንላት። የሆቴል ልብስ ተኳሽ ነበረች። መስኮት በሌለው ምድር ቤት ውስጥ፣ የእንፋሎት መተኮሻው ፊት ቆማ፣ ዕድሜዋን አንሶላ ስትተኩስ ጨረሰችው። እጇ ላይ ያልተቃጠለ ቦታ አልነበረም። ከእሷ እጅ የወጣ አንሶላ ግን ሰው ሊተኛበት ያሳዝናል። እኔ ታናሿ ነኝ፤ ገበያ ዳር ክርና ቁልፍ እሸጣለሁ። ምላሴ አያርፍም ይሉኛል፤ አዎ፣ አያርፍም።

ማህፀኗ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሙ "መድማት ሳይጀምር ይውጣ" አላትና የሚያስከፍለውን ነገራት። ለእሱ ቀላል ነው። እሷ ስንት ወር ቆማ እንደምትተኩስበት በልቧ አስልታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ጫማ አልገዛችም፣ ታክሲ አልተሳፈረችም፤ የተረፋትን ሁሉ ማጠራቀም ጀመረች።

ችግሩ ባሏ ነው። የኳስ ውርርድ ይዞታል። ክፉ ሰው ቢሆን እኮ በቀለለን! ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ፣ ሳቂታ፣ ለልጁ የሚሞት ሰው ነው። ገንዘብ ሲያይ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። "ዛሬ አስመልሳለሁ" እያለ የቤት ኪራዩን ስንቴ በልቶታል።

ያን ሰሞን የሆቴሉ ሒሳብ ክፍል "ደሞዝ በዋሌት፣ በስልክ ገንዘብ ማስቀመጫ፣ የሚፈልግ ስልኩን ይዞ ይምጣ፤ ያልፈለገ በእጁ ይቀበላል" ብሎ አስታወቀ። ልጇ ደግሞ ቀደም ብላ የወጪ መመዝገቢያ አፕ ጭናላት ነበር፤ የገባውንና የወጣውን ስትጽፍበት ቀሪውን ያሳያል። ስልኩ አሮጌ ነው፣ ቦታው ጢም ብሏል። ዋሌቱ እንዲገባ አፑ መጥፋት ነበረበት።

"ዋሌቱን ጫኚ" አልኳት። "ሆስፒታሉም እዚያው በስልክ ይቀበልሻል።"

"ባሌስ?"

"ምን ያመጣል? የሚስጥር ቁጥር አለው እኮ!"

"አንቺ ልጅ፣ ተኝቼ ጣቴን ስልኩ ላይ አስነክቶ የከፈተ ሰው ነው። የሚስጥር ቁጥሩ ያቅተዋል? ይሄ መመዝገቢያው ግን ገንዘብ አይዝም፤ የሚይዘው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥር ሰርቆ ምን ይበላል?"

"ገንዘቡንስ የት ልታደርጊው ነው?"

"ለአንቺ ነግሬ! ገና ሳልጨርስ ገበያው ሁሉ ይሰማል።"

ሳቅን። ምን ልበል፣ እውነቷን ነው።

ባሏም አንድ ቀን ስልኳን ከፍቶ መመዝገቢያው ላይ ያጠራቀመችውን አየ። ሳምንት ሙሉ ቤቱን አመሰው። እሷ "ፈልግ፣ ካገኘኸው ያንተ ነው" እያለች ትስቅበት ነበር። አላገኘም።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ላይ እያለች ደማች። መተኮሻው ሥር ወድቃ ነው ያነሷት። ሆስፒታል ስደርስ እቴቴ አልጋ ላይ ነች፣ ከንፈሯ ነጥቷል፣ ሰው አትሰማም። ልጇ ገንዘብ ተቀባይዋ መስኮት ላይ ተለጥፋለች።

"መያዣ ካልተከፈለ ቀዶ ሕክምና ክፍል አትገባም" አለች ገንዘብ ተቀባይዋ።

"አለን! ይኸው!" አለች ልጅቷ ስልኩን በመስኮቱ እያሾለከች። ለቀዶ ሕክምናው በቅቶ የሚተርፍ ገንዘብ ስክሪኑ ላይ ይታያል።

ገንዘብ ተቀባይዋ አየት አደረገችውና "እህቴ፣ ይሄ ማስታወሻ ነው። ገንዘቡስ?" አለቻት። ክፋት የላትም፤ መጠየቋ ነው።

እቴቴ ጆሮ ላይ ተደፍቼ "የት ነው? በሞቴ ንገሪኝ፣ የት ነው?" አልኩ። ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም።

እኔና ባሏ ወደ ቤት ሮጥን። ፍራሹን ቀደድነው። ቁም ሣጥኑን ገለበጥን፣ የዱቄቱን በርሜል ደፋን፣ የምንጣፉን ሥር ገለጥን። በመጨረሻ ባሏ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። "እኔ ሳምንት ፈልጌ ያጣሁትን አሁን ከየት እናመጣዋለን?" አለ። ልመታው ነበር። ግን ትቼው ወደ ሱቄ ሮጥኩ።

የላውንደሪ ጓደኞቿ ካላቸው አዋጡ፣ እኔም ሱቄ ውስጥ ያለውን ጨርሼ አመጣሁ፣ አለቃዋ የቀረውን ሞላ። ሲመሽ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱን አይቼ ገባኝ። "ብዙ ደም ፈሷታል፤ ጠዋት ቢሆን ኖሮ…" አለ። ጠዋትማ እዚያው በሩ ላይ ነበረች!

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ እኔና ልጅቷ ቤቱን ማጠብ ጀመርን። መጋረጃውን አውርደን ነክረን ስንጨምቀው ጠርዙ አልጠመዘዝ አለን። ልጅቷ ክሩን ብትተረትረው ገንዘብ ነው። እቴቴ እያንዳንዱን ኖት በካውያ አስተኝታ፣ ጎን ለጎን ደርድራ፣ ጠርዙን መልሳ ሰፍታ ተኩሳዋለች። ያን ቀን ስንፈልግ እኔም ባሏም በእጃችን ዳስሰነው ነበር፤ ጨርቅ ነው ያልነው። ምነው እቴቴ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሥራሽን ብታበላሺው!

ልጅቷ እርጥቡን ኖት ወለሉ ላይ ዘርግታ ቆጠረች። ከዚያ ስልኩን ከፈተች።

"አክስቴ፣ ልክ ነው። አንድ ሳንቲም አልጎደለም።"

"ልክ መሆኑ ምን ያደርግልናል!" ብዬ ጮህኩባት። ምን በደለችኝ?

ጩኸቴን ሰምቶ አባቷ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ወለሉን አየ።

"ለምን አልነገረችንም?" አለ።

ልጅቷ ቀና አላለችም። "ካንተ ስታሸሽ ነዋ፣ አባዬ" አለችው።

ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።