እህቴ ማዶ

ታላቅ እህቴን በስሟ የሚጠራት የለም። የድንበሩን ወንዝ ተሻግራ ካገባች ወዲህ ማዶዎቹ «ማዶ» አሏት፣ ከእኛ ስለሄደች። ልትጠይቀን ስትመጣ እኛም «ማዶ መጣች» እንላለን፣ ከእነሱ ስለመጣች። አገርሽ የት ነው ላላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «ማዶ!» ሁለቱም ዳር ይስቅ ነበር።

አምና ሆዴን ተቀድጄ ስተኛ ልታስታምመኝ መጣች። ልጇ የመጀመሪያዋን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበርና ቶሎ ልትመለስ አስባ አንድ ቅያሪ ብቻ ይዛ ነው የመጣችው። ወረቀት የላትም። እኛ ድልድዩን የምናልፈው በፊታችን ነው፤ የኬላ ጠባቂው የማንን ልጅ ማን እንዳገባ ያውቃል። በዚያው ሰሞን ሁለቱ መንግሥታት በቀረጥ ተጣሉና ኬላው ተዘጋ። የሚያውቁን ጠባቂዎች በሙሉ ተነሥተው በሁለቱም በኩል እንግዳ ሰዎች ተተኩ።

እኔ የጉምሩኩን አዳራሽ ነው የማጸዳው። ቁስሌ ሳይጠግግ ሥራ ገባሁ። ባለሥልጣኖቹ ለድርድር በመጡ ቁጥር የጠረጴዛ ባንዲራዎቹን እተኩሳለሁ፣ ሻይ አቀርባለሁ። ማታ ማታ የሰማሁትን ለእህቴ እነግራታለሁ።

«ዛሬስ ምን አሉ?»

«ወንድማማች ሕዝቦች ነን አሉ።»

«ወንድማማቾቹስ ይሁን። እህትማማቾቹ የት ይግቡ?»

በመጨረሻ ተስማሙ። ጭነት ያልፋል፤ ሰው ደግሞ ወደ አገሩ የሚመለስ ብቻ። እህቴ በጠዋት ተነሥታ ሄደች። እኔ አዳራሹ መስኮት ላይ ቆሜ አያታለሁ።

የእኛው ጠባቂ፣ «አገርሽ የት ነው?» አላት።

«ማዶ።»

«እለፊ።»

ድልድዩን ተሻገረች። እዚያኛው ጫፍ ላይ ያለው ፈታሽም ያንኑ ጠየቃት። አፏ የለመደውን አወጣ።

«ማዶ።»

«እንግዲያው ወደ ማዶሽ ተመለሺ!»

«ኧረ ልጄ፣ ማዶ ማለቴ እዚህ ነው!»

«የቆምሽበት ቦታ እንዴት ብሎ ማዶ ይሆናል?»

ተመለሰች። የእኛው ደግሞ፣ «አገሬ ማዶ ነው ብለሽ ወጥተሻል፤ የውጭ ሰው አላስገባም» አላት። ይህን ሁሉ በኋላ ነው የነገረችኝ። ያኔ ያየሁት መሃል ድልድይ ላይ ተገትራ ከባድ መኪኖቹ ሲያምባርቁባት ነው። አንዱ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ፣ «እናቴ፣ ጥግ ያዢ እንጂ!» ሲል ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማ።

የሻይ ትሪዬን እንደያዝኩ ወደ ጉምሩኩ ኃላፊ ጠጋ ብዬ፣ «ጌታዬ፣ እህቴ ድልድዩ ላይ ቀረች» አልኩት። ሌሎቹ ባለሥልጣኖች ሁሉ ለኬላው መከፈት ቆመው እየተጨባበጡ ነበር።

«የሰው ጉዳይ በሚቀጥለው ዙር ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «አሁን ንግድ ላይ ነን።»

ሲመሽ የእኛው ጠባቂ አዘነላትና «በእንግድነት ትግባ» ብሎ መዘገባት። እትብቷ በተቀበረበት ከተማ እንግዳ ሆነች። ማዶዎቹም አገሯ ገብታለች ብለው ጉዳይዋን ዘግተውታል። የሚቀጥለው ዙር እስከ ዛሬ አልመጣም። እኔም መጠየቁን ተውኩት፤ ደጋግሜ ብጠይቅ ትሪውን ይነጥቁኛል።

እህቴ በየቀኑ ኬላው አጠገብ ትቀመጣለች። አንድ ቀን የማዶ ሰው የሆነ ሽንኩርት የጫነ ሾፌር አይቷት መስኮቱን አወረደ።

«ማዶ! እንኳን ደስ ያለሽ፣ አያት ሆነሻል! ሴት ናት!»

ሮጣ በሩን ያዘች። «ምጡ ጸናባት? ማን ነበር አጠገቧ?»

«እኔ ምኑን አውቄ፣ እትዬ! ሽንኩርት ጭኜ ነው የመጣሁት።»

ከኋላ ያሉት አምባረቁበትና ሄደ። መኪናው ሲነቃነቅ የወደቀ አንድ ራስ ሽንኩርት ይዛ ቤት ገባች። ለወጥ መስሎኝ ቢላ አቀበልኳት፤ እሷ ግን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

አሁን ሽንኩርቱ በቅሎ ቅጠሉ መስታወቱን ነክቷል። ክፍሉን ሳጸዳ ልጥለው ስል፣ «ተይው» ትለኛለች። «እሱስ ተሻግሯል።»